መሪጌታ መዝገቡ ያላመኑት አንገት

ጎረቤቴ መሪጌታ መዝገቡ ተጠራጣሪ መሆናቸውን ደብረ ታቦር በሙሉ ያውቃል። ወተት እንኳ ላሚቱን ካላዩ አይገዙም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ ማን ይከራከራቸዋል?

ሥራቸው ብራና መጻፍ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ለነፍሳቸው ስንቅ ብለው ለደብራቸው የሚሰጡት ዳዊት ጀመሩ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ይደነዝዝ፣ እግራቸውም ይወላከፍ ጀመር። በዓመቱ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወሰዷቸው። ሐኪሙ የአንገታቸው አጥንት ኅብለ ሰረሰራቸውን ተጭኖታል ብሎ ቀዶ ሕክምና አደረገላቸው። ሲያሰናብታቸውም ከእጅና ከእግራቸው የሄደው ኃይል ለመመለሱ ቃል እንደማይገባ፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በሽታው እንዳይብስ መሆኑን ነገራቸው።

መሪጌታ አላመኑም። የሚያድን ሰው እንዲህ አይናገርም፣ ቀስ በቀስ የሚገድል ነገር አድርጎብኛል አሉ። እጄ መሐል ላይ ይከዳኛል ብለው ዳዊቱን ጠቅልለው ሰቀሉት። ለሌላ ጸሐፊም አልሰጡ፤ እሱንስ መቼ ያምኑታል!

አንድ ነገር ግን አልተዉም። ጸሐፊ ብዕር ሲቀርጽ ቁራጭ ብራና ላይ «ፈተነ ብዕር» ብሎ ይሞክራል። እሳቸው ከታመሙ ወዲህ በየወሩ መባቻ ይህችኑ ይጽፉና ከጀርባዋ ቀኑን አኑረው ማኅደር ውስጥ ይደብቋታል። መጀመሪያ የእጃቸውን ነገር ለመከታተል ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ግን እጃቸው የሞተ ዕለት በሐኪሙ ላይ ማስረጃ ትሆናለች ብለው ነው።

በ1980 ዓ.ም. ቤት ለቤት ሲፈተሽ ማኅደሩ ተገኘ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ይርጋ ከመሪጌታም የባሰ ተጠራጣሪ ነው፤ አንድ ቃል ከመቶ ጊዜ በላይ የሚጻፈው የምሥጢር መልእክት ቢሆን ነው አለ። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርሁና ቁራጮቹን በየቀናቸው ጠረጴዛው ላይ እንድደረድር አዘዘኝ። መሪጌታን አስጠርቶ ፊቱ አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ ብዙ መረመረ።

«መሪጌታ፣ እዚህ ድረስ ጽሕፈትዎ በየወሩ እየባሰበት ይሄዳል» አለ፣ ጣቱን አንዷ ላይ አሳርፎ። «ከዚች ወዲህ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ያው ነው። ምን ቢያደርጉ ነው?»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ። ቁራጮቹን አንድ ላይ አይተዋቸው አያውቁም። ይርጋ የነካት ከሆስፒታል በተመለሱ ወር የጻፏት ናት። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ ጠማማነቱ ግን አልጨመረም።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ አለቀሱ።

«ዳዊቱን በሁለት ዓመት እጨርሰው ነበር፤ አሥር ዓመት ጠረጠርሁ» አሉ።

ይርጋ አመነም አላመነም ለቀቃቸው፤ ቁራጮቹን ግን አስቀረ። መሪጌታም አልጠየቁትም። በማግስቱ በአጥሩ በኩል ሳይ ዳዊቱን አውርደው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ብዕር ይቀርጻሉ። ሲጨርሱ መሞከሪያ ቁራጭ አልፈለጉም፤ በቀጥታ ካቆሙበት ገጽ ላይ ጀመሩ።