አምስተኛው ቁጥር ላይ

እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። በሌላ ሰው ባላክከው እንዴት ደስ ባለኝ! ጥፋቱ ግን የራሴ ነው።

ነገሌ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። በሽተኛው በመስኮት የካርድ ቁጥሩን ይነግረኛል፤ እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ከመደርደሪያው ማህደሩን አወጣለሁ። አብዛኛው ሰው ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ቤቱ ጥሎ ስለሚመጣ የሚነግረኝ በአፉ ነው። አምስት አሃዝ ናት። እስከ መደርደሪያው አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ግን መሀል ላይ አንዱ «አካም! ናጋ?» ብሎ ሰላም ካለኝ አለቀ፣ ቁጥሩ ብን ይላል። ስለዚህ እንደ ተማሪ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር።

ሥራው ሲበዛ የክሊኒኩ ባለቤት «አንድ ረዳት ፈትነሽ ምረጪ» አለኝ። ያኔ በርቀት ሳይኮሎጂ እማር ነበር፤ እውቀቴን የማሳይበት ቀን መጣልኝ! ሞጁሉ እንደሚለው፣ አሁን የሰማነውን ነገር አእምሯችን የሚይዘው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ በውስጣችን እየደጋገምን ካላቆየነው ይጠፋል። ቦታውም ጠባብ ነው። ሰባት ገደማ ነገር ከያዘ ይሞላል፤ ሌላ ሥራ ከተደረበበት ደግሞ ያንንም አይችልም። ይህን በቀይ አስምሬበታለሁ። ማስመሩንማ ማን ብሎኝ!

የተፈተኑት ሁለት ናቸው። አንዷ የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በረኪና እጇን እየላጠው ወለል ወልውላለች። «ወገቤ እኮ አለቀ፣ እትዬ» ትለኝ ነበር፤ «እኔም እንደ ሰው ወንበር ላይ ልቀመጥ።» እውነቱን ለመናገር፣ እንድታልፍ የፈለግኩት እሷን ነበር።

ቁጥር እያነበብኩ ድገሚ አልኳት። አራት አሃዝ ደገመች። አምስተኛውን ስጨምር ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ «ሰባት... ሁለት... ዘጠኝ...» ብላ ቀረች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው።

«አተኩሪ እንጂ!» ጮህኩባት።

«በኦሮምኛ ልበለው፣ እትዬ?»

«ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው።» ፍትሐዊ መሆኔ ነው እንግዲህ!

ሁለተኛዋ እንደ እኔው ካምፕ ውስጥ ያደገች የወታደር ልጅ ናት። ሰባት ቁጥር ዘረገፈችልኝ። ውጤቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለባለቤቱ ሰጠሁት፤ የወታደሩ ልጅ ተቀጠረች።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን መስኮቱ በሰው ተጨናነቀ። አንድ ሽማግሌ ቁጥራቸውን በኦሮምኛ ተናገሩ፦ «ሰገል፣ ለማ፣ ጀሃ፣ ቶኮ፣ ሸን።» ልጅቷ ሄደች፣ ተመለሰች። «ስንት ነበር ያሉት?» ደገሙላት። ሄደች፣ ተመለሰች። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ፣ ደሜ ፈላ።

«ምን ነክቶሻል? ሰባት ቁጥር ዘርግፈሽልኝ አልነበር?»

እስክሪብቶዬን አንስቼ በራሴ ልጽፈው ስል ሽማግሌው እንደገና ደገሙ። ሰገል፣ ዘጠኝ፤ ለማ፣ ሁለት፤ ጀሃን ወደ ስድስት ስመልስ ቀሪዎቹ ከጆሮዬ ወጥተው ሄደዋል። ለካ እዚያ መስኮት ላይ ቁጥሩን በአማርኛ የሚነግረኝ ከአሥር ሁለት ሰው አይሞላም። ለካ ዕድሜ ልኬን መዳፌ ላይ የምጽፈው ለዚህ ኖሯል!

የጽዳት ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ እየወለወለች ነበር። ቀናም አላለች። «ሰገል፣ ለማ፣ ጀሃ፣ ቶኮ፣ ሸን» አለች፤ «ከበሩ ጀርባ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው።» እዚያው ነበር።

በምሳ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጬ በኦሮምኛ ፈተንኳት። ስምንት አሃዝ ሳትደናቀፍ ደገመች።

«ያን ቀንስ ምን ሆነሽ ነው?»

«በልጅነቴ ቁጥር የተማርኩት በኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ሲነግሩኝ እየመለስኩ ነው የምይዘው። አንዱን ስመልስ ሌላው ይሄዳል።» ቀጥላም «እስቲ አሁን እርስዎን ልጠይቅ» አለችኝ።

እዚሁ ተወልጄ፣ ገበያ ውስጥ በኦሮምኛ እንደ ልቤ የምከራከር ሴት፣ አምስተኛው ቁጥር ላይ ተሰበርኩ። አልሳቀችብኝም። ምነው በሳቀች!

እየበረርኩ ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ። ተሳስቻለሁ፣ ፈተናው ቋንቋዋን እንጂ አእምሮዋን አልለካም አልኩት። መሳቢያውን ስቦ ወረቀቴን አወጣና ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «የማስታወስ ችሎታዋ ደካማ ስለሆነ ቁጥርና ሰነድ የሚነካ ማንኛውም ኃላፊነት ባይሰጣት ይመረጣል።»

«ይሄ ፊርማ የማነው?»

«የኔ፤ ግን...»

«ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ! ሰው ቀጥሬያለሁ፤ በቃ። እንዲያውም ከነገ ጀምሮ ለጽዳት የያዘችውን የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ ከእሷ ላይ ተቀበዪ። ቆልፋ መውጣት ብትረሳስ?»

ለምኜው ለምኜው እንቢ አለ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። ያልሰማችው መስሎኝ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የማስታወስ ችሎታዋ ደካማ ስለሆነ፣ ቁጥርና ሰነድ የሚነካ ማንኛውም ኃላፊነት ባይሰጣት ይመረጣል» አለች፣ በአማርኛ፣ አንድ ቃል ሳትስት። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።