በሚስቴ እግር ውስጥ የሚሟሟው ብሎን

የብረት በርና መስኮት ቀለም ቀቢ ነኝ። ሱቄ ከጀጎል በሮች አንዱ፣ ኤረር በር አጠገብ ነው፤ ዕድሜዬ ያለቀው ከዝገት ጋር ስጣላ ነው። ስለዚህ የሚስቴ ሐኪም «በባለቤትዎ ቁርጭምጭሚት ላይ የምናስገባው ብሎን ቀስ እያለ እዚያው ሟሙቶ ያልቃል» ስትለኝ ልጣላት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሚስቴ ቅመም ነጋዴ ናት። ዘንቦ ስለነበር፣ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ገበያ ስትወርድ የጀጎል የድንጋይ ደረጃ አዳለጣትና አጥንቷ ለሁለት ተሰበረ። የተለመደው ብሎን ከዳነች በኋላ በሌላ ኦፕራሲዮን ይወጣል። እሷ ደግሞ «አንዴ ተቀድጄ ዳግመኛ? ወላሂ አልሞክረውም!» አለች። ይኼኛውን ማውጣት አያስፈልግም፤ የመረጥነውም ለዚያ ነው።

«አጥንቱ ሳይገጥም ብሎኑ ቀድሞ ቢያልቅስ?» አልኩ።

«እንዲያ እንዳይሆን ሽፋን ተቀብቷል። ሽፋኑ ያዘገየዋል።»

«ስንት እጅ ነው የተቀባው?»

ሐኪሟ ሳቀች። በዓይን የማትታይ ስስ ሽፋን ናት አለችኝ። በዓይን የማይታይ ቀለም ደግሞ ምን ቀለም ነው! እኔ ሦስት እጅ ቀብቼ እንኳ በሁለተኛው ክረምት ዝገቱ ብቅ ይላል። ሽፋኑ ካልቻለ ብሎኑ ቀድሞ ይሄዳል፣ አጥንቱ ይላቀቃል፣ ሚስቴ አንካሳ ሆና ትቀራለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ቤት እንደገባን ጨው ከለከልኩ። ጨው ብረት ይበላል፤ ይኼን ማንም ቀለም ቀቢ ያውቃል። ሎሚም ከለከልኩ። በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ቃል የማታሳልፍልኝ ሴት «ቅመም ነጋዴ ቤት ጨው ጠፋ ቢባል ማን ያምናል?» ብላ አሾፈችብኝ እንጂ አልተከራከረችም። ብቻዋን እንዳይሆንባት እኔም አብሬያት በላሁ። ጨው የሌለው ወጥ፣ ሦስት ወር ሙሉ!

ጀሶው ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ለሱብሂ ሶላት ዉዱእ ስታደርግ፣ እግሯን እየታጠበች ጠራችኝ። ጠባሳው አጠገብ ትንሽ አብጧል። በር ላይ ቀለም ካበጠ ከሥሩ ዝገት አለ ማለት ነው፤ ጣትህን ስትጭነው ይፈረፈራል። ሲነጋ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ራጅ እስክትነሳ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ።

ሐኪሟ ራጁን አሳየችን። «ብሎኑ ሲሟሟ ትንሽ አየር ይለቃል፤ እብጠቱ እሱ ነው፣ በራሱ ይጠፋል። ጠርዙ መሳሳት ጀምሯል፣ አያችሁ? አጥንቱ ግን ገጥሟል። ከእንግዲህ ብሎኑ ቢያልቅም ግድ የለም።»

አልሐምዱሊላህ! ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩም። ያቺን የማትታይ ሽፋን የቀባውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ደስታው አፌን ፈታውና «ጨው መከልከሌም ሳይረዳ አልቀረም» አልኩ።

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ሚስቴን አየቻት። «የሚበላ ጨው ብሎኑን ምንም አያደርገውም ብዬ ለባለቤትዎ ገና በመጀመሪያው ወር ነግሬያቸው ነበር እኮ!»

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ሻሿን ታስተካክላለች።

ስንወጣ ክንዷን ልይዝ ስል «እግር የለኝም እንዴ?» ብላ ክራንቹን ለእኔ አሸክማ ቀስ እያለች ቀደመችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ከኋላዋ።

«ሐኪሟ ራሷ ብትነግርህስ ታምን ነበር? ሌሊቱን ሁሉ ስትገላበጥ አላስተኛ ብለኸኝ ነበር። እንቅልፍ የወሰደህ ጨው ከከለከልክ ወዲህ ነው።»



የዚያን ቀን ምሳ ጨው በዝቶበት ነበር። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁበትና ወጥ ጨምሪልኝ አልኳት።