ከአስር ዜሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን

አገር ለቅቄ ወደ አሜሪካ የወጣሁ ምሽት እናቴ ሦስት ነገር መከረችኝ። አንደኛ፣ አውሮፕላን ላይ የሰጡሽን ሁሉ እንዳትበዪ። ሁለተኛ፣ እንደደረስሽ ደውዪ። ሦስተኛውን በር ላይ እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ፦ «ሰናይት፣ ገመናሽን ለባዕድ እንዳታወጪ። እንዴት ነሽ ሲሉሽ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይ። ሰው ይስቅብሻል እንጂ አያዝንልሽም።» እሺ አልኩ። ይኸው እሺታዬ ሎስ አንጀለስ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ከኢንሹራንስ ጋር አጣላኝ።

ከዚያ አቀፈችኝና ቆም አለች። «አንቺ፣ ደረትሽ ምነው እንዲህ ደነደነ?»

«ጡት መያዣው ነው እማዬ፤ ስፖንጅ አለው።»

ውሸቴን ነው። እዚህ ላይ ካልተናዘዝኩ ታሪኩ አይገባችሁም። ዲቪ ሳይደርሰኝ በፊት አራት ዓመት ዱባይ፣ ሴቶች የሚዋቡበት ሳሎን ውስጥ ጥፍር ስሠራ ነበር። የደንበኞቻችን ወሬ ማን ምኗን እንዳሠራች ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ደረቴ ከወንድሜ ደረት አይለይም። አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ክሊኒክ ገባሁ፤ ስወጣ ጡት ነበረኝ። ኢምፕላንት ይሉታል፤ በሲሊኮን የተሞላ ከረጢት ከቆዳ ሥር ይከቱልሻል። አገር ቤት ስመለስ እናቴ አይታኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልጄን ተመችቷታል!» እያለች ለጉለሌ ጎረቤት በሙሉ አወራች። ሌላው አካላቴ እንደ ድሮው ክስት ብሎ ምቾቱ ለምን ደረቷ ላይ ብቻ አረፈ ያለ ሰው አልነበረም፤ ይባረኩ።

ሶ፣ ሎስ አንጀለስ ገባሁ። አየሩ ዓመቱን ሙሉ ጥቅምት ነው። ደስ ይላል፤ ግን ዶፍ ዝናብ ስለሌለ ከሥራ ለመቅረት ሰበብ የለም። ሽሮውም እንጀራውም ፌርፋክስ የሚባል ጎዳና ላይ አለ። ሊትል ኢትዮጵያ ሲሏት ሰፊ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ብሎክ ናት፤ ከምኖርበት ከኖርዝ ሆሊውድ ድራይቭ አድርጌ መጥቼ ፓርክ የማደርግበት ስፈልግ አምስቴ እዞራታለሁ።

ሥራዬ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። እኔ የያዝኳቸው ሚስስ ዶሪስ ይባላሉ፤ ከፌርፋክስ ወረድ ብሎ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዘጠናን ያለፉ ባልቴት ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ እኔ በሆዴ አንቱ ነው የምላቸው። በየጠዋቱ ህመማቸው ከአስር ስንት እንደሆነ ጠይቄ ፎርም ላይ እሞላለሁ። «ጉልበቴ ሰባት፣ ወገቤ ስምንት፣ የትናንቱ ሾርባሽ ዘጠኝ» ይሉኛል። ለሾርባው ፎርሙ ላይ ቦታ ስለሌለ እዘለዋለሁ።

በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ግራ ጡቴ ድንጋይ ሆነ። ክንዴን ማንሳት አቃተኝ፤ በግራ ጎኔ መተኛት ቀረ፤ ሚስስ ዶሪስን ከመታጠቢያ ገንዳ ሳነሳቸው ዓይኔ ይጨልማል። እሳቸውን ማንሳት ካቃተኝ ደግሞ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክንዴን ደረቴ ላይ አጣብቄ ፌርፋክስ ስሄድ፣ ከሱቁ እስከ መኪናዬ ቢያንስ አሥር ሰው «እንዴት ነሽ?» ይለኛል። ለአሥሩም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴም ስትደውል እንዲሁ። «አንቺስ እማዬ፣ ጉልበትሽ?» ስላት «እሱማ ለቆኛል» ትለኛለች፤ እንዲህ እየተባባልን ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቋንቋ የሚለው ላይ አማርኛ ብዬ ሞልቼ ነበርና ዶክተሯ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጤና ይስጥልኝ፤ አስተርጓሚ ነኝ» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

«ሁሉም ደህና። ሥራው እንዴት ነው?»

ዶክተሯ አንዴ እኔን አንዴ ስልኩን ታያለች። «ምን እያለች ነው?» አለች።

«ደህና ነኝ ነው የምትለው» አላት ጋሼ። ዶክተሯ ጻፈች።

ህመም አለ ወይ፣ ካለስ ከአስር ስንት ነው ብላ ጠየቀች። ጋሼ ተረጎመልኝና ከራሱ ጨመረበት። «ለመሆኑ የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?»

«የጉለሌ» አልኩ ሳላስበው።

«አትዪኝም! እኔም የጉለሌ ልጅ ነኝ እኮ! የማን ልጅ ነሽ?»

አለቀልኝ። የእናቴ ሰፈር ሽማግሌ ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየሰማኝ ጡቴን አመመኝ ልል ነው? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል። «ምንም አይል ጋሼ» አልኩ። «ትከሻዬን ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነበር፤ እሱም ተሽሎኛል።»

«ከአስር ስንት ልበላት?»

«ዜሮ ይበሉልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዶክተሯን በአፌ ሸወድኳት እንጂ እጇን አልሸወድኩትም። ስትዳስሰኝ ፊቷ ተለወጠና ኤምአርአይ አዘዘች። ግራው ከረጢት ተቀዷል፣ ሲሊኮኑ እየፈሰሰ ነው፣ ዙሪያውን ጠባሳ አንቆ ይዞታል፤ ሁለቱም መውጣት አለባቸው ተባለ። ደም ግፊቴን የለካችው ነርስም፣ ኤምአርአይ ያነሳኝ ሰውዬም በየተራ እንዴት ነሽ ብለውኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩ እናንተው ታውቃላችሁ።

በወሩ ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ። ዲናይ አድርገውኛል፤ አንከፍልም ነው ነገሩ። ደወልኩ። ሙዚቃ ስሰማ ቆይቼ ብራንደን የሚባል ሰው አነሳ።

«ይኼ የውበት ጉዳይ ነው፤ የውበት ጉዳይ አንሸፍንም» አለኝ።

«ውበቱን ላስወጣ ነው እኮ! ላስገባ አላልኩም!»

«የጤና ችግር ካልሆነ በስተቀር ማስወጣቱም እንደ ውበት ነው የሚቆጠረው።»

«ተቀዷል እኮ ነው የምልህ!»

«ፋይሉ ላይ አያለሁ። ግን ደግሞ ህመም ዜሮ ከአስር ይላል። ሦስት ቦታ ላይ ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች የሚል አለ።»

«እሱ ሰላምታ ነው!»

«ይቅርታ?»

«ሰላምታ! እንዲያ ነው የሚባለው። ብሞትም እንዲያ ነው የምለው።»

ብራንደን ኮምፒውተሩን ነካ ነካ ሲያደርግ ይሰማኛል። «ለሰላምታ የሚሆን ኮድ የለንም» አለኝ፤ ሲቀልድ አይደለም። አፒል ማድረግ፣ ይግባኝ ማለት ማለቱ ነው፣ እንደምችል ነገረኝና «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለ።

«የለም፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ምላሴን ነከስኩ። እሱንም ጽፎት ይሆናል።

በማግስቱ ሚስስ ዶሪስ ፊቴን አይተው ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አስወጡኝ። በማጉያ መስታወት አነበቡት። «ዜሮ?» አሉ። «ሰኞ ከገንዳው ስታነሺኝ የሰማሁት ጩኸት የእኔ መስሎኝ ነበር፤ ያንቺ ነው ለካ!»

«እኛ አገር ህመም ለማያውቁት ሰው አይነገርም።»

«እዚህ አገር ያላማረረ አይታከምም። እኔን ተመልከቺኝ፤ ዘጠና ዓመት ያቆየኝ ማማረር ነው።»

እኛም እኮ ያላለቀሰ ልጅ ጡት አይጠባም እንላለን። እኔ ግን ጡቱን ለማስወጣት ማልቀስ አቃተኝ።

የዚያኑ ቀን ትምህርት ተጀመረ። ሚስስ ዶሪስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የእንጨት ማንኪያ ያዙ።

«ህመምሽ ከአስር ስንት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመ—»

ጧ! ማንኪያው የወንበሩን ክንድ መታው። «እሱን ተዪው። አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«ትንሽ ነው።»

ጧ! «ትንሽ ቁጥር አይደለም።»

«አራት?»

«አራት? ሾርባሽ እንኳ ዘጠኝ ነው!»

«ስምንት» አልኩ። ስለው ራሴ ደነገጥኩ። እውነቱ ስምንት ነበር፤ ለራሴም ነግሬው አላውቅም። እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሚስስ ዶሪስ ማንኪያውን አስቀምጠው ፀጉሬን ደባበሱኝ። ትንሽ ቆይተው «በይ ይኼን ለቅሶ አታባክኚው፤ ግማሹን ለዶክተሯ አስቀምጪላት» አሉኝ።

ከእሳቸው ፎርም አንድ ክምር ወስጄ በየቀኑ የራሴን መሙላት ጀመርኩ። ጠዋት ሰባት፣ ከገንዳው በኋላ ዘጠኝ፣ ማታ ስምንት። ወሩ ሲሞላ ለአፒሉ የሚሆን ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ ዶክተሯ ዘንድ ተመለስኩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ለአማርኛ ያላቸው ሰው እሱ ብቻ ነው መሰለኝ፣ ያው ድምፅ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ፤ ደህና ነሽ?»

ልቤ ደረቴን ይደበድባል፤ በዚያ ላይ ደረቴን ታውቁታላችሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ ሰላምታውን እንዝለለው» አልኩ። «ደህና አይደለሁም። ባለፈው ዋሽቼዎታለሁ። የሚያመኝ ጡቴ ነው፤ አሠርቼው ነበር፣ አሁን ተቀዷል። ህመሙ ስምንት ነው፤ ሥራ ስሠራ ዘጠኝ ይገባል። አንድም ሳይቀንሱ ይንገሯት።»

ጋሼ አንዲት ቃል ሳያስቀር ለዶክተሯ ነገራት፤ ዘጠኙን ሁለቴ ነገራት። ሲጨርስ ወደ አማርኛ ተመለሰ። «ደግ አደረግሽ ልጄ» አለኝ። «ባለቤቴም ደህና ነኝ ባይ ነበረች። ነፍሷን ይማርና፣ ስንደርስባት ረፍዶ ነበር።»

ዶክተሯ ቀና ብላ «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ሰላምታ ነው» አልኳት።

የዶክተሯን ደብዳቤ፣ የኤምአርአዩን ውጤትና የሞላሁትን ክምር ፎርም አያይዤ ላክሁ። መልሱ ሲመጣ ሚስስ ዶሪስ ናቸው የከፈቱት። ማውጣቱን እንሸፍናለን፣ መልሶ ማስገባቱን ግን አንሸፍንም ይላል። ማን አስገቡልኝ አላቸው! ሚስስ ዶሪስ ግን «አየሽ፣ ያማረረ ይታከማል» ብለው በኩራት አቀፉኝ። አመመኝ፤ እንዳመመኝም ነገርኳቸው።

ኦፕሬሽኑ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሚስስ ዶሪስ ቤት ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ሰናይት! ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና አይደለሁም እማዬ።»

እንዲህ ብያት አላውቅም። ዱባይን፣ ከረጢቱን፣ መቀደዱን፣ ነገ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

«እና ያ ሁሉ ምቾት ከረጢት ነበር?» አለች።

«ከረጢት ነበር።»

«በስመ አብ! ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ! አሁን ስትመጪ ምን ልበላቸው?»

«አሜሪካ አከሳት በያቸው።»

ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «በጣም ያምሻል?»

«ከአስር ስምንት። እዚህ እንደዚያ ነው የሚነገረው። ያንቺ ጉልበትስ?»

«እሱማ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመ—»

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። «እማዬ፣ እሱን ተዪው። አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

በሩን ስትዘጋ ተሰማኝ።

«ዘጠኝ» አለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማት ቀስ ብላ። «ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ከርሜያለሁ።»

ስንጨርስ ከክምሩ አንድ ባዶ ፎርም አነሳሁ። ስም የሚለው ላይ የእሷን ስም፣ የሚያመው ቦታ የሚለው ላይ ጉልበት፣ መጠን የሚለው ላይ ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። ለማን አፒል እንደማደርግ ግን አላውቅም።