ፀሐይን የቀደመው ሳይረን

ባለፈው ረመዳን ማለቂያ ገደማ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ መግሪብ መንገድ ላይ ደረሰብን። ደረሰብን ስል፣ ደርሷል አልደረሰም እያልን መከራከር ጀመርን ማለቴ ነው። የአንዱ ስልክ ከኪሱ ውስጥ አዛን አለ። የጎረቤቱ ስልክ ጭጭ አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ የእሷ ስልክ “ገና ነው” እንደሚል ምላ ተናገረች። ሾፌሩ “እኔ የማምነው ረዳቴን ነው፤ እሱ ሲበላ እበላለሁ” ሲል ረዳቱ “እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ስበላ ነው የዋልኩት፣ ክርስቲያን ነኝ” ብሎ መኪናውን በሳቅ ሞላው።

እኔ ቴምሬን በእጄ እንደያዝኩ በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ከጠመዝማዛው በታች ኮምቦልቻ መብራቷን አንድ በአንድ እያበራች ነበር። የፋብሪካው ብዛት፣ የቆርቆሮው ብልጭታ፣ ከፈረቃ የሚወጡትን ሴቶች ልጆች የጫነው የሰርቪስ አውቶብስ ሰልፍ... እኔ ያቺን ከተማ ጭቃዋ ሳይደርቅ ነው የማውቃት። ቃል በቃል ነው የምለው፤ ያኔ የቤቱ ግድግዳ ተለስኖ ሳይደርቅ ተከራይ ይገባበት ነበር። ልብስህን ግድግዳ ላይ ከሰቀልክ ጠዋት ግማሹን ግድግዳ ለብሰህ ትወጣለህ።

እኔ የሆጤ ልጅ ነኝ። የተማርኩት ፒያሳ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ሳይሆን የሱቆቹን በረንዳ ማለቴ ነው። ገና ጢሜ በወጉ ሳይወጣ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የጆንያ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፣ ሰውም ከየአቅጣጫው እየጎረፈ ነው የሚል ወሬ ደሴ ደረሰ። ሌላው ሊቀጠር ወረደ። እኔ ደግሞ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ሻይ ይጠጣል ብዬ ወረድኩ። የወረድኩት የደሴን ብርድ የለመደ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነበር። ከመኪና ስወርድ አንዲት ሙዝ ሻጭ ከላይ እስከ ታች አየችኝና “ወንድምዓለም፣ ወባ ይዞህ ነው?” አለችኝ። ካፖርቱን በዚያው ሳምንት ሸጥኩት፤ የገዛኝም ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ነበር።

ከፋብሪካው በር አጠገብ አንድ የግራር ጥላ ነበር። ከጥላው ሥር ደግሞ የበሩ ዘበኛ፣ ጋሽ በላይነህ። የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ወታደር ቤት ቆይተው የወጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲቀመጡም የቆሙ የሚመስሉ ሽማግሌ። ምድጃዬንና ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ስጠጋ፣

“እዚህ መነገድ ክልክል ነው” አሉኝ።

“ሻይ ነው እኮ፣ ጋሼ።”

“ስኳሩስ?”

“አንቱ እንዳዘዙት።”

ትንሽ አሰቡ። “እንግዲያስ ክልክል መሆኑን እያወቅህ ተቀመጥ” አሉ።

እንዲህ ነው ንግዴ የተከፈተው። ፈቃዱ ያ ነው፤ ሌላ ወረቀት አልነበረኝም። ጋሽ በላይነህ ከዚያ በር ላይ ከተነሱ የእኔም ምድጃ እንደሚነሳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄው ነበር። ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ “አንተ ደሴ” ነበር የሚሉኝ።

ዓመቱ እንዲህ ሄደ። በመስከረም ሰዉ ሁሉ እንግዳ ነበር። ማንም ማንንም “ከየት ነህ?” ሳይል አያልፍም፤ የሐርቡው ከሐርቡው፣ የቦረናው ከቦረናው ጋር እየተመረጠ ይቀመጣል። በጥር የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች መዳር ጀመሩ፤ ሙሽሪትን ለማየት የፈረቃ ለውጥ የሚለምን ወንድ ብዙ ነበር። ግንቦት ሲገባ ሙቀቱ ከነአቧራው መጣ፤ ረመዳንም አብሮት ገባ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። የከሰዓት ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ መግሪብ የሚደርስበት ማሽን ላይ ነው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይደፍናል፤ አዛን ቀርቶ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጣራ አትሰማም። መስጊዱ ያኔ ድምፅ ማጉያ አልነበረውም። አንዱ በግምት ያፈጥራል፣ ሌላው ተጠራጥሮ እስከ ማታው የዒሻ ሶላት ይቆያል። ሽማግሌዎች ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደው፣ ለፈረቃ የሚጮኸው ሳይረን ፀሐይ ስትጠልቅም አንዴ ይጩህልን ብለው ለመኑ። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው ነበር፤ ግን ደግ ነበርና እሺ አለ። ማሽኑም ለአፍታ ቆሞ ሰዉ በሩ ድረስ ወጥቶ እንዲቀምስ ፈቀደ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሙአዚኑ ሸህ እንድሪስ ቤታቸው ከመስጊዱ ጎን፣ ከፋብሪካው ፊት ለፊት ባለችው ጉብታ ላይ ነው። ጊዜው ሲደርስ ደጃቸው ላይ ወጥተው ነጭ ጨርቅ ያወዛውዛሉ። ጋሽ በላይነህ ከበሩ ሆነው ያዩና ሳይረኑን ያስጮኻሉ። ከዚያ ሸሁ አዛናቸውን ይላሉ። ክርስቲያኑ ወታደር በዚህ ሥራ የኮሩት ኩራት! ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ኮፍያቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ጉብታው ላይ ይተክላሉ። “ደሴ፣ አታናግረኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ” ይላሉ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሠራተኛ ያልሆነውም ሰፈርተኛ ሁሉ፣ ባልቴቱ ሳይቀር፣ ሾርባውን አቅርቦ ሳይረኑን መጠበቅ ጀመረ።

አንድ ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ንፋሱ አቧራውን አስነስቶ አገሩን ጨለማ አለበሰው፤ ፀሐይ ትኑር አትኑር አይታወቅም። እኔ ሳምቡሳዬን ሸፍኜ፣ አብሹን በጣሳ ቀድቼ፣ ቴምሩን ደርድሬ ተዘጋጅቻለሁ። ድንገት ጉብታው ላይ አንድ ነጭ ነገር ሲውለበለብ ታየ።

“ደሴ፣ ያ ሸሁ አይደሉም?”

“ይመስሉኛል፣ ጋሼ።”

ሳይረኑ ጮኸ። ማሽኖቹ ጸጥ አሉ፤ ሠራተኛው ወደ በሩ ጎረፈ። ቢስሚላህ እያለ አንዱ ቴምር፣ አንዱ ሳምቡሳ ይዞ ገመጠ። ከማል የሚባል ጉልበተኛ ሸማኔ ነበር፤ እሱ በሁለት እጁ ሁለት ሳምቡሳ ይዞ ነበር። በሰፈሩም ጣሳው ሲንቋቋ ይሰማል።

ልክ በዚያ ቅጽበት ደመናው ከግርጌው ተቀደደና ፀሐይ በቦርከና ወንዝ ማዶ ብቅ አለች። ክብ፣ ቀይ፣ ከተራራው በላይ የተቀመጠች። ሁላችንም አፋችን እንደሞላ አየናት። እሷም አየችን።

“ትፉ! ትፉ!” አለ አንዱ። የሚተፋ ተፋ፤ የዋጠ ግንባሩን ያዘ። ከዚያ የሁሉም ዓይን የበሩ ዘበኛ ላይ አረፈ። የፈራሁት ያን አስተያየት ነበር። ከማል አፉን ጠርጎ ወደ ጋሽ በላይነህ ዞረ።

“ሆን ብሎ ነው! ጾማችንን ሆን ብሎ ነው ያስፈታን!”

“ኧረ ከማል፣ ረጋ በል” ብል ማን ሊሰማኝ። ከኋላ ያሉትም ማጉረምረም ጀመሩ። ጋሽ በላይነህ ኮፍያቸውን አውልቀው በደረታቸው ያዙ። “ያየሁትን ነው ያስጮኽሁት” አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አብሬያቸው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሻይ ሻጭ ምስክርነት ደግሞ ከሻዩ በላይ አይፈለግም። ለእሳቸው ብቻ ነው የፈራሁት ብል ማን ያምነኛል? ለምድጃዬም ፈርቻለሁ።

ሮጥኩ። ጉብታውን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ። የሸሁ ሚስት እትዬ ዘሐራ ደጃቸው ላይ እርጥብ ልብስ አቅፈው ቆመዋል።

“እትዬ፣ አሁን ጨርቅ ያወዛወዘው ማነው?”

“የምን ጨርቅ? ሸሁ ለሶላት እየታጠቡ፣ ውዱእ ላይ ናቸው። እኔ ጀለቢያቸውን ከዝናቡ ላተርፍ ከገመድ ሳወርድ፣ ንፋሱ እሱንም እኔንም ይዞን ሊሄድ ነበር።” ከዚያ ፊቴን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ያ ረቢ! አገሩን ያስፈጠርኩት እኔ ነኝ?”

ሸሁ ጊዜው ሲደርስ አዛናቸውን ብለው ወጡና ነገሩን ሰሙ። ከዚያ ሦስታችንም ወደ በሩ ወረድን። እትዬ ዘሐራ ሰዉን በክርናቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ መሃል ገቡና ጀለቢያውን ዘረጉት።

“ሰዎች፣ ጥፋተኛው ይኸውላችሁ! ከፈለጋችሁ ያዙት፤ እጅጌው ገና አልደረቀም።”

መጀመሪያ የሳቁት ሸሁ ናቸው። ከዚያ ሰዉ ሳቀ። “ያላወቀ አይወቀስም” አሉ ሸህ እንድሪስ፣ “ከዒድ በኋላ የአንድ ቀን ቀዷ አለብን፤ ጾመን እናወጣዋለን፤ አለቀ።” ከማልም አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

“ጋሽ በላይነህ፣ አፉ ይበሉኝ።”

“አፉ ብያለሁ” አሉ ጋሽ በላይነህ። “ግን የሰው ጾም በእጄ እንዲሆን ሁለተኛ አልፈልግም። ያን ሳይረን ለፈረቃ እንጂ ለጾም አልነካውም።”

እንዳሉትም አደረጉ። የቀረውን ረመዳን ምሽት ሲሆን ወንበራቸውን አዙረው ለጉብታው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው ያስጩኸው ቢል ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ፤ እሳቸውን ማዋረድ ነው ብለው። ሠራተኛው እንደገና በግምት ማፍጠር ጀመረ። አንድ ቀን ሻይ ስቀዳላቸው፣ “ደሴ፣ የወሩን ደሞዝ ስቀበል ወደ አገሬ እገባለሁ” አሉኝ።

“ምነው ጋሼ? ማን ምን አለዎት?”

“ማንም ምንም አላለኝ። ግን ያን ቀን ሁሉም ሲያየኝ አየሁ። አንድ ጊዜ ሰው እንደዚያ ካየህ፣ ሌላ ጊዜም ደጁ ላይ መቀመጥ ይከብዳል።”

ለሸሁ ሄጄ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና “አብሽር፣ አይዞህ” አሉኝ። በኋላ እንደገባኝ ግን ከቤት ቤት ሲዞሩ ነበር የሰነበቱት።

ዒድ አለፈ። ቀዷው ለአንድ ሰኞ ተቀጠረ፤ ሰፈሩም ሠራተኛውም ሁሉ በአንድ ቀን ሊጾም። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሕፃን እንኳ አይሳሳትም። ሠራተኛው ማሽኑን አስቀድሞ አቁሞ ወደ በሩ ወጣ፣ ሰፈርተኛውም ሾርባውንና እንጀራውን ተሸክሞ መጥቶ ከግራሩ ሥር ተደረደረ። ጉብታው ላይ እትዬ ዘሐራ ያንኑ ጀለቢያ እንደ ባንዲራ አውለበለቡ። ሸሁ አዛን አሉ። በጠራው አየር ጥርት ብሎ ተሰማ።

ማንም አልበላም።

ጋሽ በላይነህ ዞር ብለው አዩ። “ምነው? ብሉ እንጂ!”

“ምን ሰምተን?” አለ ከማል፣ ቴምሩን በሁለት ጣቱ ይዞ።

“አዛኑን አልሰማችሁም?”

“ሰምተናል። ግን እዚህ በር ላይ የምናፈጥረው በሳይረን ነው።”

ጋሽ በላይነህ ወደ እኔ አዩ። እኔ ሳምቡሳዬን ማስተካከል ያዝኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ “ኧረ ጌታው፣ ጨጓራዬ!” ሲል ሳቅ ተሰማ፤ ግን እሱም አልቀመሰም። ሸሁ ከጉብታው እያለከለኩ ደረሱ።

“በላይነህ፣ ፊጥርን ማዘግየት ይጠላል። ወንጀሉ ባንተ ነው የሚጻፈው፤ እኔ የለሁበትም።”

“ሸሁ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።”

“ሳይረኑስ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?”

ጋሽ በላይነህ ሕዝቡን አዩ፤ ያን ቀን እንደዚያ ያያቸውን ሕዝብ። አሁንም ሁሉም እሳቸውን ነበር የሚያየው፤ አስተያየቱ ግን ሌላ ነው፤ ራት የሚጠብቅ ቤተሰብ የሚያይ ዓይነት። ኮፍያቸውን አስተካከሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ሳይረኑ እንደዚያ ቀን ረጅም ጮኾ አያውቅም። ደሴ ድረስ የተሰማ ነው የመሰለኝ። ሲወጡ ዓይናቸውን እያሹ “አቧራ ነው” አሉ። አቧራ አልነበረም።

አንድ ሳምቡሳ ሰጠኋቸው። “የምስር ነው፣ ጋሼ፤ ለሁላችንም ይሆናል።”

ከዚያ በኋላ የመሄድ ወሬ አላነሱም። በዚያው በር ጡረታ ወጡ፤ በየዓመቱ ረመዳን ሲገባም መጀመሪያ ሳይረኑን ዘይት የሚቀቡት እሳቸው ነበሩ። ያረፉት እዚያው ኮምቦልቻ ነው። በቀብራቸው ቀን ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ ከማል ነበር፤ ሌላ ሰው ሊተካው ሲል “ተወኝ፣ ገና አልደከመኝም” ብሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ይዞታል።

እኔ ዛሬ ደሴ ሱቅ አለኝ፣ ልጆቼም በሱቁ አድገዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስነግድ ኖሬያለሁና፣ ሰው ለምን ምን እንደሚሰጥ ጥቂት አውቃለሁ። ያን ምሽት የሆነውን ግን ዛሬም በንግድ ሒሳብ ላገኘው አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ የጾመ፣ ምግቡ እጁ ላይ ያለ፣ አብዛኛው እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሕዝብ አንድ ሽማግሌ ጥሎት ወደ አገሩ እንዳይገባ ሲል አፉን ዘግቶ ጠበቀ። ስለ ኮምቦልቻ እድገት የሚያወሩ ሰዎች የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ይቆጥራሉ። ይቁጠሩ። ለእኔ ከተማ የሆነችው ያን ሰኞ ነው።

አሁን ስወርድ የማውቀው ፊት ጥቂት ነው። መንገዱን የሞሉት ከየት እንደመጡ እንኳ የማልገምታቸው ወጣቶች ናቸው። ቢሆንም ያገኘሁትን ሁሉ እንደ ጥንት ወዳጅ “ሰላም አደራችሁ” እያልኩ አልፋለሁ። አንዳንዶቹ ይመልሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ይሄ ሽማግሌ ጤና የለውም ብለው ዞር ብለው ያዩኛል። አልሐምዱሊላህ፣ አልፈርድባቸውም። ከመካከላቸው ማን ለማን ሲል ተርቦ እንደሚቆም ገና አላወቁም።