ሁለት ጓጉንቸር ያለው በር

የከተማዋ መድኃኒት መጋዘን በሩ ሁለት ጓጉንቸር አለው፤ አንዱ የማዕከላዊው መንግሥት፣ አንዱ የከተማው። ሁለቱ ቁልፍ ያዦች ካልተገናኙ አይከፈትም። ይህን ያሰበው ሰው «የሥልጣን ክፍፍል» ብሎ በራሱ ሳይኮራ አልቀረም። የመጋዘኑ ኃላፊ ግን የከተማውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የማዕከሉን ቁልፍ ያዥ ደጅ ስትጠና ነው የኖረችው። የሥራ ባልደረቦቿ «ግማሽ ቁልፍ» ይሏታል። እሷም ስቃ ታልፋቸው ነበር።

ኮሌራ ሲገባ ሳቁ ቀረ። እንደ እናት ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ በጤና ጣቢያው ኮሪደር ፍራሽ ላይ ተዘርራለች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ድምጿ ጠፍቷል። ነርሷ ግሉኮስ አልቋል አለቻት። ግሉኮሱ እኮ ከመንገዱ ማዶ፣ መጋዘኑ ውስጥ በካርቶን ተደርድሯል። የማዕከሉ ቁልፍ ያዥ ግን ቁልፉን ኪሱ ከቶ ዋና ከተማ ሄዷል። ስለ ኮሌራው ሊሰበሰብ ነው የሄደው።

ደወለችለት። ከተማው ወረርሽኝ ካላወጀ የማዕከሉ ንብረት አይነካም አላት። ወደ ከንቲባው ሮጠች። እሳቸው ደግሞ የማወጅ ሥልጣን የማዕከሉ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ ብለው ሻያቸውን አማሰሉ። እንደ ኳስ ሲቀባበሏት ረፋዱ አለፈ። ስትመለስ ከእህቷ አጠገብ ተኝቶ የነበረው አናጺ ፊቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። ከሥራ ቦታው በቀጥታ ስላመጡት የመሣሪያ ቦርሳው አሁንም እግሩ ሥር ነበር።

ደሟ ፈላ። ከቦርሳው መዶሻውን መዝዛ ወጣች። የከተማውን ጓጉንቸር እንደ ወጉ በቁልፏ ከፈተችው፤ የማዕከሉን ግን እጇ እስኪዝል ቀጠቀጠችው። ከነርሷ ጋር ካርቶኑን ተሸክመው መንገዱን ተሻገሩ። ወደ ማታ እህቷ ውኃ ስጡኝ አለች።

በማግስቱ ከንቲባውና ቁልፍ ያዡ በአንድ መኪና መጡ። በሽተኛ ሲሞት መስማማት ያቃታቸው ሰዎች ጓጉንቸር ሲሰበር ተስማሙ። ስለ ታመመ ሰው አልጠየቁም።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሏት ከንቲባው።

«የእናንተን ፈቃድ አናጺው ጠብቆላችኋል» አለቻቸው።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። በሩ ላይም ሦስተኛ ጓጉንቸር አስገጠሙ፤ ቁልፉ በጋራ ኮሚቴ እጅ ይሆናል ተባለ። ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም።

መዶሻውን ልትመልስ አናጺው ቤት ሄደች። ሚስቱ ስለ አዲሱ ጓጉንቸር ሰምታለች። መዶሻውን ተቀብላ ትንሽ አየችውና መልሳ እጇ ላይ አኖረችላት።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለቻት።