ጌሾ የማይሸት ጽዋ

እሸቴ ከጠጣ ሰባት ወሩ ነው። ብሉሚንግተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት ያመላልሳል፤ አንድ ጠዋት የሌሊቱ ስካር ሳይለቀው መሪ ጨብጦ ተገኘና አለቃው «ወይ ሕክምና፣ ወይ ስንብት» አለው። ሕክምናውን ጨርሶ አሁን በየማክሰኞው ሌክ ስትሪት አጠገብ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ መጠጥ ካቆሙ ሰዎች ጋር ይሰበሰባል። እዚያ ሰው የሚደገፍበትን አምላክ ራሱ ይመርጣል። አንድ ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ የሰፈሩን ሐይቅ መርጧል። እሸቴ ይህን ሲሰማ አማተበ። ሰውየው ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አልጠጣም፤ ይህ ደግሞ በማማተብ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ጭንቁ የመጣው ከገዛ ወገኖቹ ነው። የሚካኤል ማኅበራቸው ፍሮግታውን ሰፈር፣ ወይዘሮ የትምወርቅ ቤት ተሰብስቦ፣ የሚቀጥለው ወር ተራ የእሸቴ ሆነ። ተረኛ ደግሞ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከጠላው ጠጥቶ ነው ወደ ቤቱ የሚወስደው። እንቢ ማለት መልአኩን ከደጅ መመለስ ነው። እሸቴ ግን ራሱን ያውቃል፤ አንዱን ጉንጭ ከዋጠ ሁለተኛውን ፍለጋ የት እንደሚያድር አያውቅም።

ቄሱ ጸሎቱን አሳርገው ጽዋውን ዘረጉለት። ሚስቱ ስመኝ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። እሸቴ ሌላ ቃል ቢያጣ የማክሰኞውን ስብሰባ መተዋወቂያ ተናገረ።

«እሸቴ እባላለሁ። ሰካራም ነኝ።»



«ውይ ልጄ» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ፣ «ይኸንንማ ፖሊስም ያውቃል። አዲስ ነገር ንገረን እንጂ!»

«ለበረከት ያህል ከንፈርህን አስነካው» አለ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ፍቅሬ።

«ከንፈሬ ብቻውን ጠጥቶ አያውቅም፣ ጋሼ።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «የሚካኤል ጽዋው ነው እንጂ ጠላው አይደለም። ገልብጡትና ጸበል ይሞላበት።»

ጠላው ተገለበጠ። እሸቴ ባዶውን ጽዋ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ መለሰው።

«ይታጠብልኝ፣ አባ። ጌሾው አለ።»

«በኔ ቤት ያልታጠበ ዕቃ?» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ፤ ግን ወሰዱት። ታጥቦ መጣ። አሸተተው።

«አሁንም አለ፣ እትዬ።»

ሁለተኛ ተመለሱ። ውሃው ሲንዶቀዶቅ፣ ጽዋው ሲፈተግ፣ እሳቸውም ሲያጉረመርሙ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ይዘውት ሲመጡ አፍንጫው ሥር ደቀኑለት።

«አሁንስ?»

«አሁን ሄዷል።»

ጸበል ተሞላበት። እሸቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቀመሰው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሁሉም እያዩት እስከ ታች ጨለጠው። ጽዋ ማጋመስ ድሮም አያውቅበትም።