ማን ተሰብሮ ነው?

ሶዶ ገበያ አሚቾ፣ የሚበላውን የእንሰት ሥር፣ የምትሸጥ ሴት ፊት ቆሜያለሁ። የቀዩን እንሰት ሥር አንስቼ አሸተትኩት፤ እርጥብ አፈር ይሸታል።

"ማን ተሰብሮ ነው?" አለችኝ። እኛ ዘንድ ይህን እንሰት የሚበላው አጥንቱ የተሰበረ ሰው ነው።

ልጅ ሆኜ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ኦቶና ሆስፒታል ተወስጄ በጄሶ ታሰረልኝ። ቤት ስንመለስ ያሳደገችኝ አክስቴ ጓሮ ወርዳ ቀዩን እንሰት ነቀለች፤ አሚቾውን እየቀቀለች ከወተት ጋር ታበላኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ጥያቄ አላቆም አልኩ። በሆዴ ገብቶ እግሬን እንዴት ያገኘዋል? ጄሶው አያግደውም?

"የተሰበረውን እሱ ራሱ ፈልጎ ያገኛል" አለችኝ። "ያልተሰበረ ሰው ግን አይነካውም፤ ገብቶ ምን ያገኛል?" ታናሽ ወንድሜ ቢለምናት እንኳ አንዲት ቁራሽ አልሰጠችውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በክራንች እየተንቀረፈፍኩ ጓዳ ብቅ ስል፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከዚያው ከእኔ አሚቾ ድስት እየቆረሰች ስትበላ አገኘኋት። እግሮቿን አየሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው። እጆቿንም አየሁ።

"አክስቴ፣ አንቺ የቱ ጋ ነው የተሰበርሽው?"

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ሂጂ፣ ወተትሽ ይበርድብሻል" አለችኝ።

ደግሜ አልጠየቅኳትም፤ ዛሬ ደግሞ የምጠይቃት የለችም።

ሻጯ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች።

"ትልቁን ስጪኝ" አልኳት።

በኮባ ጠቅልላ እየሰጠችኝ ጎንበስ ብላ እግሮቼን አየች።